የፓንዶራ ዛፍና የጨርጨር ኦዳ

ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ፊልም የሚባለው፣ ሳይንስ ከደረሰበት ወይም ወደፊት ይደርስበታል ተብሎ ከሚገመት ነገር ተነሥቶ፣ በእውን የሌለን ዓለም፣ ፍጡርና መሣሪያ እንዳለ አድርጎ የሚያሳይ የፊልም ዘርፍ ነው። ዘርፉ ከሌሎቹ ይልቅ በዓይን ላይ የተመሠረተ በመሆኑ፣ ስለ እንዲህ ዓይነት ፊልም ሲነገር በብዛት የሚነሣው የወጪው ብዛት፣ የምስሉ ጥራትና የኮምፒዩተሩ ጥበብ ሲሆን፣ ተመልካቹ ምን ተሰማው፣ ከአዳራሹ ሲወጣስ ምን ይዞ ወጣ የሚለው ጥያቄ ወደ ኋላ ይቀራል። ጥያቄው በምዕራብ ሐረርጌ ዞን፣ ከአዲስ አበባ ወደ ሐረር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ እንደምትገኘው እንደ ሂርና ላሉ ከተሞች ደግሞ ሌላ ክብደት አለው፤ ፊልሙ የታሰበለት ግዙፍ መጋረጃ በሌለበት ስፍራ፣ ያው ፊልም በትንሽ ቴሌቪዥን ወይም በእጅ ስልክ ሲታይ ከግርማው ምን ያህሉ እንደሚቀር፣ የቀረውስ በተመልካቹ ልብ ውስጥ ምን እንደሚሠራ መመርመር ያስፈልጋል።

ለዚህ ምርመራ የሚመቸው የካናዳ ተወላጁ ዳይሬክተር ጄምስ ካሜሮን የሠራውና በታኅሣሥ 2002 ዓ.ም. በብዙ አገሮች ለሕዝብ የቀረበው ‹አቫታር› ነው። ቃሉ ሳንስክሪት ከተባለው ጥንታዊ የሕንድ ቋንቋ የመጣ ሲሆን፣ አምላክ አካል ለብሶ ወደ ምድር መውረዱን ያመለክታል፤ በፊልሙ ውስጥ ግን የሰው አእምሮ ከሩቅ ሆኖ የሚመራው፣ በቤተ ሙከራ የተዘጋጀ ሌላ አካል መጠሪያ ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው ፓንዶራ በምትባል ሩቅ ጨረቃ ላይ ነው፤ በዚያ ቁመታቸው ሦስት ሜትር ያህል የሚደርስ፣ ቆዳቸው ሰማያዊ የሆነ፣ ናቪ የተባሉ ሕዝቦች በደን ውስጥ ይኖራሉ፤ የሰው ልጆች እጅግ ውድ የሆነ ማዕድን ፍለጋ ወደዚያ ይሄዱና፣ ማዕድኑ የተቀበረው ናቪዎቹ በሚኖሩበት ታላቅ ዛፍ ሥር ሆኖ ስለሚያገኙት ዛፉን በጦር መሣሪያ ይገነድሱታል። ጄክ ሳሊ የተባለው እግሮቹ የማይንቀሳቀሱ የቀድሞ ወታደር፣ በተሰጠው ሰማያዊ አካል ናቪዎቹን ለማጥናት ገብቶ ከእነርሱ ጋር ሲኖር ልቡ ወደ እነርሱ ያደላል፤ ጦርነቱ ሲነሣም ከእነርሱ ወገን ይሰለፋል።

ካሜሮን የታሪኩን ንድፍ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1994 ቢሆንም፣ በሐሳቡ ያለውን ዓለም በመጋረጃ ላይ ለማሳየት የሚያስችለው ቴክኖሎጂ እስኪደርስለት ድረስ ዓመታት ጠብቋል። ከጠበቃቸው ነገሮች አንዱ የትወና ቀረጻ ይባላል፤ ተዋናዩ ምልክት የተደረገበት ጠባብ ልብስ ለብሶ፣ በራሱ ላይ በታሰረች ትንሽ ካሜራ የቅንድቡና የከንፈሩ እንቅስቃሴ ሁሉ እየተመዘገበ ይተውናል፣ ኮምፒዩተሩም ያንን እንቅስቃሴ ወስዶ ለሰማያዊው ፍጡር ያለብሰዋል። በመሆኑም ተመልካቹ በናቪዎቹ ፊት ላይ የሚያየው ሐዘንና ቁጣ በሥዕል የተፈጠረ ሳይሆን ከእውነተኛ ሰው ፊት የተቀዳ ነው። ሁለተኛው በተለምዶ ስሪ ዲ የሚባለው ባለ ሦስት አውታር ምስል ነው። የሰው ሁለት ዓይኖች በስድስት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ስለሚራራቁ አንዱን ነገር በጥቂቱ ከተለያየ አቅጣጫ ያዩታል፤ አንጎልም የሁለቱን ልዩነት አመዛዝኖ ርቀትን ያሰላል። የስሪ ዲ ካሜራ በሁለት ሌንስ ሁለት ምስል ይቀርጻል፣ በአዳራሹ ውስጥ የሚታደለው መነጽር ደግሞ አንዱን ምስል ለቀኝ ዓይን፣ ሌላውን ለግራ ዓይን ለይቶ ያደርሳል፤ አንጎልም እንደ ልማዱ ርቀትን ሲያሰላ፣ ጠፍጣፋው ጨርቅ ጥልቀት ያለው ደን ሆኖ ይታየዋል።

ይህ የዓይን ድግስ ያስከተለው ምላሽ በገንዘብ ሲለካ አቻ የለውም። ፊልሙ ለዳግም ዕይታ በየጊዜው የቀረበበትን ጨምሮ ከ2.9 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 በ‹አቬንጀርስ፦ ኤንድጌም› ተበልጦ የነበረውን የአንደኝነት ስፍራ በ2021 በቻይና ዳግመኛ ሲታይ አስመልሷል። በዚያችው በቻይና፣ በጃንጂያጄ ብሔራዊ የደን ፓርክ የሚገኝ አንድ የድንጋይ ዓምድ በፊልሙ ውስጥ በአየር ላይ ከሚንሳፈፉት ተራሮች ጋር ስለሚመሳሰል፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2010 ስሙ ተለውጦ በእነዚያው ተራሮች ስም ተሰይሟል። በአሜሪካ አንዳንድ ተመልካቾች ከአዳራሹ ከወጡ በኋላ የራሳቸው ዓለም ግራጫ ሆኖ እንደታያቸውና ለቀናት እንዳዘኑ ጋዜጦችና ቴሌቪዥኖች ዘግበዋል፤ ስሪ ዲው ራስ ምታትና ማዞር ያስከተለባቸውም ብዙዎች ነበሩ። የፊልም ሐያስያን ደግሞ ምስሉን እያደነቁ ታሪኩን ነቅፈዋል፤ ነጭ ወታደር ወደ ነባር ሕዝብ ሄዶ የእነርሱ አዳኝ የሚሆንበት ታሪክ በአሜሪካ ፊልሞች ተደጋግሞ የታየ ነው፣ ናቪዎቹም ራሳቸውን ማዳን የማይችሉ ተደርገው ቀርበዋል የሚል ነበር ነቀፋቸው። ነቀፋው ትክክል ነው። ከዘጠኝ የኦስካር ዕጩነት ያሸነፈባቸው ሦስቱ፣ ማለትም የሲኒማቶግራፊ፣ የእይታ ውጤትና የሥነ ጥበብ ዝግጅት ሽልማቶች፣ ሁሉም የዓይን ሽልማቶች መሆናቸውም ከዚሁ ፍርድ ጋር ይስማማል።

ነገር ግን ከተመልካቾች ምላሽ ሁሉ ጥልቅ የሆነው የተሰማው ሽልማት ከሚሰጥበት አዳራሽ ውጭ ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2010 በዌስት ባንክ በምትገኘው ቢልዒን በምትባል የፍልስጤማውያን መንደር፣ እስራኤል በመሬታቸው ላይ የሠራችውን አጥር የሚቃወሙ ሰዎች ሰውነታቸውን ሰማያዊ ቀብተው፣ እንደ ናቪ ጆሮና ጭራ አድርገው ለሰልፍ ወጥተዋል። በሕንድ ኦዲሻ ግዛት፣ ዶንግሪያ ኮንድ የተባሉት ነባር ሕዝቦች የሚያመልኩትን የኒያምጊሪ ተራራ አንድ የማዕድን ኩባንያ ሊቆፍር ሲነሣ፣ ሕዝቡን የሚደግፈው ሰርቫይቫል ኢንተርናሽናል የተባለ ድርጅት ለካሜሮን በጋዜጣ ማስታወቂያ ይግባኝ በማለት የፊልሙ ታሪክ በዚያ በእውን እየተፈጸመ መሆኑን ገልጿል፤ በዚያው ዓመት የሕንድ መንግሥት ለቁፋሮው ፈቃድ ከለከለ። በወቅቱ የቦሊቪያ ፕሬዚዳንት የነበሩት ኢቮ ሞራሌስም ፊልሙን የተፈጥሮ ጥበቃ ትግል አርአያ አድርገው አወድሰውታል። እነዚህ ሰዎች ከፊልሙ የወሰዱት መነጽሩ የሚሰጠውን ጥልቀት ሳይሆን፣ ቤቱ የሆነ ዛፍ የተቆረጠበትን ሕዝብ ነው፤ ሰማያዊ ቆዳው ለእነርሱ ቆዳቸውን የሚያዩበት መስታወት ሆኖላቸዋል።

በአዲስ ምስል መደነቅ ከሲኒማ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። የፈረንሳዮቹ የሉሚዬር ወንድማማቾች ባቡር ወደ ጣቢያ ሲገባ የሚያሳየውን የአንድ ደቂቃ ያህል ፊልም እ.ኤ.አ. በ1896 ሲያሳዩ ተመልካቹ ባቡሩ የሚደፈጥጠው መስሎት ሸሸ እየተባለ ለብዙ ዘመን ተነግሯል፤ የሲኒማ ታሪክ አጥኚዎች ግን ለዚህ ወሬ አስተማማኝ ማስረጃ እንዳልተገኘ ያስረዳሉ። ስለ ሩቅ ዓለም የሚተርኩ ፊልሞች ፈር ቀዳጅ የሆነው የዦርዥ ሜሊየስ ‹ወደ ጨረቃ የተደረገ ጉዞ› እ.ኤ.አ. በ1902 ሲወጣ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ እውነተኛው ባቡር ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ ደርሶ ነበር፤ ሐዲዱ ከዚያ በኋላ በምዕራብ ሐረርጌ ቆላ በሚኤሶ በኩል አልፎ አዲስ አበባ የገባው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። በአዲስ አበባ ደግሞ ከመጀመሪያዎቹ የሲኒማ ማሳያዎች አንዱን ሕዝቡ ‹ሰይጣን ቤት› ብሎ ሰይሞት ነበር። ስያሜው ዛሬ ፈገግ የሚያሰኝ ቢመስልም፣ ሙት ምስል ሲንቀሳቀስ ያየ ሰው የሰጠው የመጀመሪያ ሒስ እንደመሆኑ በክብር ሊታይ ይገባዋል፤ ያ ተመልካች የሚያየው ነገር ከተፈጥሮ ሥርዓት ውጭ መሆኑን ተረድቶ፣ ለዚያ ስሜት በራሱ እምነት ውስጥ ያለውን ቃል ሰጥቶታል።

የምዕራብ ሐረርጌ ተመልካች ‹አቫታር›ን ለማየት ሲቀመጥ ይዞት የሚመጣው ነገር ከሌላው ዓለም ተመልካች የተለየ ነው። ከኦሮሞ ሕዝብ አምስት ታላላቅ የኦዳ ማዕከላት አንዱ የሆነው ኦዳ ቡልቱም የሚገኘው በዚሁ ዞን፣ በቀድሞው የጨርጨር አውራጃ ምድር ነው። ኦዳ በአማርኛ ሾላ የሚባለው ሰፊ ጥላ ያለው ዛፍ ሲሆን፣ የኦሮሞ ባህላዊ አስተዳደር በሆነው በገዳ ሥርዓት ሕዝቡ ከጥላው ሥር ተሰብስቦ ሕግ ያወጣበታል፣ ይዳኝበታል፣ ሥልጣን ያሸጋግርበታል፤ የኢቱ ኦሮሞ ጉባኤ መቀመጫም ኦዳ ቡልቱም ነው። የገዳ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2016 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሰፍሯል፤ በዞኑ ከተማ በጭሮ የሚገኘው ዩኒቨርሲቲም በዚሁ ዛፍ ስም ተጠርቷል። ዛፍ ጥላና ማገዶ ብቻ እንደሆነ ለሚያስብ የከተማ ሰው የፓንዶራው ዛፍ መውደቅ የሚያስደነግጥ ትርኢት ነው፤ ዛፍ ፍርድ ቤትና ሸንጎ እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው ግን የአንድ ሕዝብ ሕግ ሲፈርስ ማየት ነው። ይህን ትርጉም ለመረዳት ስሪ ዲ መነጽር አያስፈልግም።

ሌላም የሚያቀራርብ ነገር አለ፤ እርሱም በብዙዎች ዘንድ ልብ አልተባለም። የናቪዎቹን ቋንቋ ለፊልሙ የፈጠሩት በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት የሥነ ልሳን ምሁር ፖል ፍሮመር ሲሆኑ፣ ቋንቋው ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ጆሮ ባዕድ እንዲሆን በማሰብ ፈንጂ የሚባሉትን ድምፆች አስገብተውበታል። ፈንጂ ድምፅ የሚባለው፣ ጉሮሮ ለቅጽበት ተዘግቶ ከአፍ ውስጥ የታመቀው አየር በኃይል ሲወጣ የሚሰማ ድምፅ ነው፤ በናቪ ቋንቋ ያሉት ሦስቱ በአማርኛ ፊደል ጰ፣ ጠ እና ቀ ተብለው የሚጻፉት ናቸው። የሆሊውድ ተዋንያን በልምምድ ያገኟቸውን እነዚህን ድምፆች፣ አማርኛም ሆነ አፋን ኦሮሞ የሚናገር የሂርና ሕፃን አፉን ከመፍታቱ ጋር ያገኛቸዋል፤ ለአሜሪካዊው የሌላ ዓለም ድምፅ እንዲሆን የተመረጠው ለሐረርጌ ሰው የገበያና የእልፍኝ ድምፅ ነው።

በኢትዮጵያ ትናንሽ ከተሞች የውጭ ፊልም ወደ ሕዝብ የደረሰበት ዋነኛ መንገድ ቪዲዮ ቤት ነበር። መስኮቱ በጨርቅ የተጋረደ ክፍል፣ በአግዳሚ ወንበር የተደረደሩ ተመልካቾች፣ ከፍ ብሎ የተሰቀለ ቴሌቪዥን፣ በር ላይ የቆመ ገንዘብ ተቀባይ፦ የቪዲዮ ካሴት ዘመን ትውልድ የሕንድ ፊልም ዘፈን የለመደው፣ የቻይና ኩንግ ፉ የተማረውና የአሜሪካ ጦር መሣሪያ ያየው እዚያ ነው። ካሴቱ በሲዲ፣ ሲዲው በፍላሽና በሚሞሪ፣ እነርሱም በቴሌግራም ሲተኩ መጋረጃው ይበልጥ እያነሰ መጥቶ መዳፍ ላይ አርፏል፤ ከሰዓት በኋላ ጫት ለመቃም በበርጫ ላይ የተቀመጡ ጓደኛሞች በአንድ ስልክ ዙሪያ ተሰብስበው ፊልም ማየታቸውም በሐረርጌ እንግዳ ነገር አይደለም። ከዚህ ጋር የመጣው ትርጉም ፊልም የሚባለው ልማድ ልዩ ትኩረት ይገባዋል፤ በዚህ ልማድ አንድ ተራኪ በራሱ ድምፅ የሁሉንም ገጸ ባሕርያት ንግግር እያስተላለፈ፣ ያልገባውን እያስረዳ፣ አንዳንዴም አስተያየቱን እየጨመረ ፊልሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይዞት ይሄዳል።

የፊልም ጥበብ አዋቂዎች ይህን ልማድ የዋናው ሥራ ማበላሻ አድርገው ሊያዩት ይችላሉ፤ እውነትም የድምፅ ቅንብሩና የተዋናዩ አነጋገር ይጠፋሉ። ይሁን እንጂ ተራኪው የሚሠራው ሥራ በእኛ አገር ጥንታዊ ነው፤ ተረት ነጋሪ እሳት ዳር ተቀምጦ አንበሳውንም ቀበሮውንም በአንድ አንደበት እንደሚናገረው ሁሉ፣ እርሱም ጄክ ሳሊንም የናቪዋን ልዕልትም በአንድ አንደበት ይናገራል። ምስሉ በመጋረጃው ማነስ ያጣውን ክብደት ታሪኩ በተራኪው ቃል መልሶ ያገኘዋል። በዓይን ብቻ የሚቆም ፊልም በዚህ ፈተና ይወድቃል። ‹አቫታር› የማይወድቀው ሐያስያኑ ተራ ብለው የነቀፉት ታሪኩ፣ መሬት የተወሰደበት ሕዝብ ታሪክ ሆኖ በማንኛውም ቋንቋ ስለሚነገር ነው።

ከዚህ በተቃራኒ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2014 የወጣው የክሪስቶፈር ኖላን ‹ኢንተርስቴላር› የሚያስተምረው ሌላ ነገር አለ። በፊልሙ ውስጥ የሚታየውን ጥቁር ጉድጓድ፣ ማለትም ብርሃን እንኳ ከስበቱ ማምለጥ የማይችልበትን የሰማይ አካል፣ ምስል በሒሳብ ቀመር የደገፉት የፊዚክስ ሊቁ ኪፕ ቶርን ሲሆኑ፣ እርሳቸው ከሦስት ዓመት በኋላ የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነዋል። ምስሉ ዓለምን አስደነቀ፤ ነገር ግን በርካታ ተመልካቾች ሙዚቃው ንግግሩን እየዋጠው ቃሉ አልሰማ አለን ብለው አማረሩ፣ ኖላንም ይህን ሆን ብሎ እንዳደረገው ገለጸ። በትርጉም ለሚያየው ግን ተራኪው ቃሉን አጥርቶ ስለሚያደርሰው ቅሬታው አይነሣም። ከሁሉ በላይ የፊልሙ መነሻ በሽታ ሰብሉን ሁሉ አጥፍቶ በቆሎ ብቻ የቀረለት፣ በአቧራ ማዕበል የሚታፈን የገበሬ ቤት ነው፤ ለቀረጻውም በካናዳ አልበርታ 500 ኤከር በቆሎ ተዘርቷል። ፊልሙ በወጣ በዓመቱ፣ በ2008 ዓ.ም.፣ በኤል ኒኞ ምክንያት የመጣው ድርቅ ክፉኛ ከጎዳቸው አካባቢዎች አንዱ ማሽላና በቆሎ የሚዘራው ምዕራብ ሐረርጌ ነበር። ለኒው ዮርክ ተመልካች የወደፊት ሥጋት የሆነው ትዕይንት፣ ለዚህ አካባቢ ገበሬ ልጅ የአንድ ክረምት ትዝታ ነው።

የራሱን መልክ በባዕድ አካል ውስጥ የሚያይ ተመልካች በኢትዮጵያ የመድረክ ታሪክ መነሻ ላይም ቆሞ ይገኛል፤ የዚያም ታሪክ ክር ከዚሁ ከጨርጨር ጋር የተሳሰረ ነው። የጨርጨር አውራጃ ገዥ የነበሩትና አሰበ ተፈሪን፣ የዛሬዋን ጭሮን፣ በአርአያነት በማቋቋም ስማቸው የሚነሣው ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ በሩሲያ የተማሩ፣ የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አርቃቂ፣ በሂርና እርሻቸውም የሚታወቁ ሰው ነበሩ። የመጀመሪያው ዘመናዊ የኢትዮጵያ ተውኔት ተብሎ የሚታወቀው ‹ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ› የእርሳቸው ድርሰት ሲሆን፣ በአዲስ አበባ በመኳንንቱ ፊት ሲታይ በመድረኩ ላይ የሚነጋገሩት እንስሳት ነበሩ። የዘመኑ ሹማምንት ከእንስሳቱ ጀርባ የራሳቸውን ጉቦኝነትና ስንፍና አዩ፤ ተውኔቱም ከዚያ በኋላ ታገደ። እገዳው መረዳታቸውን ያሳያል፤ ያልገባው ሰው አይቆጣምና። የፓንዶራው ሰማያዊ ቆዳም ሆነ የፋቡላ አውሬ ቆዳ የሚያገለግሉት አንድን ዓላማ ነው፤ በግልጽ ቢነገር የሚያስኮርፈውን ነገር ተመልካቹ ራሱ እንዲያገኘው ያደርጋሉ።

በኢትዮጵያ ምድር የተሠራው ሳይንሳዊ ልብ ወለድ እስካሁን ጥቂት ነው። ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው፣ ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ የተወኑበት ‹ክራምብስ› ከዓለም ጥፋት በኋላ የቀሩ ሰዎች የፕላስቲክ አሻንጉሊትን እንደ ቅርስ የሚያከብሩበትን ዘመን ያሳያል፤ የዳሎልን ቢጫና አረንጓዴ መሬት ያየ ተመልካች ኮምፒዩተር የሠራው ሊመስለው ይችላል፣ ነገር ግን የአፋር መሬት ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው ‹ብላክ ፓንተር› ደግሞ ቅኝ ያልተገዛች፣ በቴክኖሎጂ የመጠቀች የአፍሪካ አገር ምናብ ይዞ ሲመጣ ከሌጎስ እስከ ናይሮቢ ተመልካቹ የባህል ልብሱን ለብሶ ሲኒማ ገብቷል፤ ከገጸ ባሕርያቱ አንዱ የኦሞ አካባቢ ሱርማዎችና ሙርሲዎች የሚያጌጡበትን የመሰለ የከንፈር ገበቴ አድርጎ ይታያል። ዓድዋን ለሚያከብር ሕዝብ የዚያ ፊልም ምናብ ከሩቅ የመጣ አይደለም።

ይህ ሁሉ ሲባል ግን የዓይን ድርሻ ተራ ነገር ነው ማለት አይደለም። ካሜሮን ለደኑ ብርሃን፣ ኖላን ለጥቁሩ ጉድጓድ ጨለማ የደከሙት ድካም ተመልካቹ በመጠኑ እንዲያየው ነው፤ የመዳፍ ስፋት ባለው መስታወት ላይ የሚታየው ታላቅ ዛፍ ሲወድቅ ቁጥቋጦ ያክላል። የምዕራብ ሐረርጌ ወጣት ታሪኩን ከማንም ባልተናነሰ ሁኔታ ይረዳዋል፤ የጎደለው በቂ ስፋት ያለው መጋረጃ፣ ጥሩ ድምፅ ማጉያና ጎረቤቱ አብሮት የሚደነቅበት ጨለማ አዳራሽ ነው። መደነቅ በጋራ ሲሆን ይበረታል፤ ብቻውን በስልክ የሚያይ ሰው አጠገቡ ትንፋሹን የሚውጥ ሌላ ሰው የለውም።

ለዚህ የሚያስፈልገው ወጪ አዲስ ሕንጻ የሚጠይቅ አይደለም። ፕሮጀክተር፣ ነጭ ጨርቅና ድምፅ ማጉያ ካሉ፣ የትምህርት ቤት ሜዳ ወይም የወጣት ማዕከል አዳራሽ በምሽት ሲኒማ ይሆናል። በጭሮ ያለው ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ፣ የዞኑ የባህልና የወጣቶች መሥሪያ ቤቶች እንዲሁም የሂርና፣ የበዴሳና የገለምሶ የከተማ አስተዳደሮች በወር አንድ ምሽት፣ የባለመብቶቹን ፈቃድ አግኝተው፣ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ጎበዝ ተራኪ አቁመው ለሕዝቡ ፊልም እንዲያሳዩ፣ ከፊልሙ በኋላም ተመልካቹ ያየውን እንዲናገር ጊዜ እንዲሰጡ ይገባል። የመጀመሪያው ምሽት ፊልም ‹አቫታር› ቢሆን፣ ስለ ዛፉ መናገር የሚችሉ ሽማግሌዎች በዚያው አካባቢ አሉ።